ቅልቦሽ

ከቀለበት መንገድ ትንሽ ወረድ ብሎ፣
አቃቂ መግቢያ ላይ፣ በሲኖትራክ አቧራ ተጠቅልሎ፣
«ወርቅ እንገዛለን» የሚል ሱቅ አለ፤ ጠባብ ነው።
እሳቱ የጋሽ ከሊፋ፣ ሚዛኑ የእኔ ነው።

ሐሙስ ወደ ማታ፣ መብራት ጠፍቶ መጥቶ ደግሞ ሊጠፋ ሲል፣
አንድ ሽማግሌ ገባ፤ ኮቱን ከወፍራም ሰው የተዋሰ የሚመስል።
እጁን መስታወቱ ላይ አኖረ።
«ይቺን መዝኝልኝ፤ መጀመሪያ ግን… አልወጣ አለች፤
ጣቴ አበጠ መሰል፣ ወይም እሷ ለመደች።»

አየኋት።
ሰፊ ፊቷ መሐል ኳስ የተቀረጸባት፣
ዙሪያዋን ቀይ ፈርጥ፣ አንዱ የወለቀባት፣
ከጎኗ «ሻምፒዮን»፣ ከሥሩ «ዘጠና አራት»።
ፊቱን ሳላውቀው እጁን አወቅሁት።

አቶ ዘርጋው።
የማካሮኒ ፋብሪካው ጌታ፣ የክለባችን ባለቤት፤
ደመወዝ ከፍሎ ሴት ልጅ ቅርጫት ኳስ ያጫወተ፣ በዚያ ዘመን፣ በዚህ ሰፈር፣
ሰው «ጤና የለውም» እያለ ሲያማው የነበር።

ቀለበን፤ አልክድም።
ከልምምድ በኋላ ማካሮኒ በቲማቲም፣
ቅዳሜ ሥጋ ጣል ያለበት። ጫማም ገዝቶልናል፣ አንድ ቁጥር የሚበልጥ፤
ጫፉን በጥጥ ወትፈን የምንሮጥ።

ዋንጫ የበላን ዕለት
አርባ አምስት ለአርባ አራት።
ሁለት ሰኮንድ ሲቀር ኳሷ እኔ ጋ ነበረች፤ ሰባት ቁጥር ነኝ፣
አጭር፣ ከረጃጅሞቹ ብብት ሥር የምገኝ።
ወደ ግራ አየሁ፣ ወደ ቀኝ ሰጠሁ፤
ፀዳለ ቀለበች፣ ዘለለች፤ ከዚያ ጩኸት እንጂ ሌላ አልሰማሁ።

አቶ ዘርጋው ወንበር ላይ ወጥቶ «ቀለበት!» አለ፤ «እንደ ፈረንጆቹ!
ለእያንዳንድሽ ወርቅ አጠልቃለሁ፣ ይመስክሩ ደጋፊዎቹ!»
አንድ ተሠራች። የእሱ።
«ናሙና ናት፤ የናንተ ለፋሲካ።»
ፋሲካ መጣ፣ ሄደ፤ ደግሞ ሌላ ፋሲካ።
ፋብሪካው በዕዳ ታሸገ። ሜዳው የሲሚንቶ መጋዘን ሆነ፤ የቅርጫቱን ቀለበት
አንዱ በሌሊት ነቅሎ ለቆራሌው ሸጠው፤
ሰሌዳው ቀረ፣ አራት የብሎን ቀዳዳ ያለበት።

ይኸው አሁን ጣቱ እጄ ላይ ነው።
ሳሙና ቀባሁት። ክር ከቀለበቱ ሥር አሾለክሁ፣
እስከ አንጓው ጥብቅ አድርጌ ጠመጠምሁ፤
ከዚያ ከታች በኩል፣ ቀስ እያልሁ፣ ፈታሁ።

እሱ ያወራል፣ ሕመሙን ሊረሳ፦
«ልጆች ነበሩኝ፣ የሴት አንበሳ!
በተለይ አንዲት መለሎ… ፀዳለ፤ ስሟ ፀዳለ።
ያችን ኳስ ያስገባች።» ቆየና፣
«ያቀበለቻት ልጅ ግን… ጠፋኝ፣» አለ።

ክሩን ሳብሁ።

«ሰባት ቁጥር! ዓይኗ አንድ ቦታ፣ እጇ ሌላ ቦታ።»

እጄ ክሩ ላይ ነበር፤ ዓይኔ በሩ ላይ።

ወጣች።
ጣቱ ላይ ነጭ መስመር ቀረ፣
ሃያ ምናምን ዓመት ፀሐይ ያልነካው፣ የሕፃን ገላ የመሰለ።
በኮቱ ጫፍ ጠረገው፤ እዚያው ኮቱ ውስጥ ደበቀው።

ወርቁ እውነት፣ ፈርጦቹ ብርጭቆ።
ሃያ ሁለት ግራም ከነጥብ ሦስት።
ነጥቧን እንደ ሙሉ ግራም ቆጠርሁለት፤
ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ብሩን ሁለቴ ቆጥሮ ከተተ። በሩ ላይ ዞር አለ።
«ረጅም አይደለሽም፣» አለኝ፤ «ግን…»
ውጭ ረዳቱ ይጣራል፦ «ሳሪስ! ሳሪስ በቀለበት! አንድ ሰው!»
አንድ ሰው ሆኖ ገባ፤
«ግን»ኑን ይዞት ሄደ።

ጋሽ ከሊፋ ከእሳቱ ጀርባ እጁን ዘረጋ፦ «ስጪኛ።»
አውራ ጣቴ ላይ አጠለቅኋት፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል።
ሰፋችኝ፤ እንደዚያ ጫማ።
አወለቅኋት። ልጅ ሆነን ቅልቦሽ ስንጫወት ጠጠሯን እንደምናጓን
አንዴ ወደ ላይ አጓንኋት፣
መልሼ ያዝኋት፣
ከዚያ ወደ በሩ እያየሁ
ወደ ከሊፋ ወረወርሁ።

ቀለባት።